ካርቡራተሩ አልበደለም

አሮጌ መኪና ጉልበት ሲያጥራት፣ ዳገት ላይ ስትንገታገት፣ ሚኒሞ አልይዝ ስትል መጀመሪያ የሚወቀሰው ካርቡራተሩ ነው። ባለቤቱ ጋራዥ ይገባና «ጋሼ፣ ካርቡራተሩን ይጠቡልኝ» ይላል። ጋሼም ፈትተው፣ በቤንዚን አጥበው፣ በአየር ነፍተው ይገጥሙለታል። መኪናዋ አንድ ሁለት ቀን የተሻላት ትመስልና ወደ ቀድሞ ጠባይዋ ትመለሳለች። ከዚያ ሌላ እጥበት፣ ከዚያ አዲስ ጂግለር፣ በመጨረሻም ጭራሽ ሌላ ካርቡራተር ይመጣል። ይህ ሁሉ ወጪ ሲወጣ ከጎኑ በጥቁር ክዳኑ ሥር የተቀመጠው ዲስትሪቢዩተር አንድም ቀን ሳይከፈት ይከርማል።

ነገሩ አይገርምም። ካርቡራተር ይታያል፣ ይሸታል፣ ያንጠባጥባል። ዲስትሪቢዩተር ግን ድካሙን የሚደብቅ ዕቃ ነው። በወር ጥቂት፣ በዓመት ብዙ እያለ ያረጃል፤ ነጂውም አብሮ ይለምደዋል። ትናንት በሦስተኛ ማርሽ የወጣውን ዳገት ዛሬ በሁለተኛ ሲወጣ «መኪናዋ አረጀች» ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ ግን ያረጀችው መኪናዋ ሳትሆን ከጥፍር የማትበልጥ አንዲት የፋይበር ቁራጭ ናት።

ለማሳያ ቮልስን እይዛለሁ። ቮልስዋገን ቢትል እስከ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ድረስ፣ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ፑዌብላ ካለው ፋብሪካ እስክትወጣ፣ 21,529,464 ያህል ተሠርታለች። አዲስ አበባም የድርሻዋን ወስዳ እስካሁን ታሽከረክራለች። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ክዳኑን ከፍ ሲያደርጉ ዲስትሪቢዩተሩ ዓይን ፊት ቆሞ ይገኛል። ለብዙ ዘመን ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ከተማዋን ያመላለሱት ላዳዎችም ቢሆኑ አሠራራቸው ያው ነው፤ የሚለየው ቁጥሩና የሲሊንደሮቹ ተራ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሥራውን እንየው። ከባትሪው የሚመጣው 12 ቮልት፣ ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በተሠሩት ቮልሶች ደግሞ 6 ቮልት፣ የካንዴላን ክፍተት ለመዝለል አቅም የለውም። በተጨመቀ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ መሐል ብልጭታ ለመፍጠር በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያስፈልጋል፤ ከ10 ሺህ ማለፉም የተለመደ ነው። ይህን የሚያወጣው ቦቢናው ነው። በቦቢናው ውስጥ በአንድ ብረት ላይ ሁለት ሽቦዎች ተጠምጥመዋል፤ አንዱ ወፍራምና ዙሩ ጥቂት፣ ሌላው እጅግ ቀጭንና ዙሩ በጣም ብዙ። በወፍራሙ ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ብረቱ ማግኔት ይሆናል፤ እስከዚህ ድረስ ምንም እሳት የለም። እሳቱ የሚወለደው ኤሌክትሪኩ በድንገት ሲቋረጥ ነው። ማግኔቱ ሲፈርስ በቀጭኑ ሽቦ ላይ ያ ሁሉ ቮልት ይነሣል። ስለዚህ የሞተሩ እሳት የሚመጣው ከማብራት ሳይሆን ከማጥፋት ነው፤ ይህን ያልያዘ ሰው የቀረውን ለመከተል ይቸገራል።

ያንን የማጥፋት ሥራ የሚሠራው ፑንቲና ነው። ሁለት ትንንሽ የብረት ጫፎች ናቸው፤ አንዱ በሳህን ላይ ተተክሎ የቆመ፣ ሌላው በሞላ ተገፍቶ የሚገጥመው ክንድ ላይ ያለ። በዲስትሪቢዩተሩ መሐል የሚዞረው ዘንግ ላይ አራት እብጠት ያለው ካም አለ። የካሙ እብጠት በክንዱ ላይ ያለችውን የፋይበር ቁራጭ በገፋ ቁጥር ፑንቲናው ይከፈታል፣ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፣ ካንዴላው ይተኩሳል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ፑንቲናው በሴኮንድ 100 ጊዜ ይከፈታል፤ በአንድ ሰዓት 360 ሺህ ጊዜ ማለት ነው። ይህን የሚችል ትንሽ ብረት ቢደክም አይፈረድበትም።

ከጎኑ የምትታየው ሲሊንደር መሰል ቆርቆሮ ኮንደንሰር ትባላለች። ፑንቲናው መከፈት ሲጀምር ኤሌክትሪኩ አልቆረጥ ብሎ በጠባቧ ክፍተት ላይ ብልጭ ሊል ይፈልጋል። ኮንደንሰሯ ያንን ለቅጽበት ትቀበለዋለች። በዚህም ሁለት ነገር ታተርፋለች፤ ፑንቲናው አይቃጠልም፣ መቋረጡም ስል ይሆናል። ኮንደንሰር የሞተባት መኪና ትነሣ ይሆናል፤ ግን እየተንተፋተፈች ነው፤ ክዳኑን ከፍቶ ያየ ሰውም ፑንቲናው ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲንቦገቦግ ያያል።

ከቦቢናው የወጣው ከፍተኛ ቮልት በወፍራም ገመድ ወደ ክዳኑ መሐል ይመለሳል፤ በሞላ በምትገፋ ትንሽ የካርቦን ዘንግ በኩል ወደሚሽከረከረው ሮተር ይወርዳል። ሮተሩ እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነው፤ የመጣውን እሳት ለባለ ተራው ሲሊንደር ብቻ ያሳልፋል፣ ቀጥሎ ወደሚቀጥለው ይዞራል። የቮልስ ተራ 1-4-3-2 ነው፤ ሮተሩም ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ዘንጉ የሚዞረው በሞተሩ ዙር ግማሽ ፍጥነት ነው፤ ምክንያቱም በአራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር እሳት የሚፈልገው በሁለት የሞተር ዙር አንዴ ነው።

ይህን መሣሪያ በዚህ መልኩ ለገበያ ያበቃው በአሜሪካ ኦሃዮ፣ በዴይተን ከተማ ይሠራ የነበረው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ መኪናዎች የራሱን ኤሌክትሪክ ከሚያመነጭ ማግኔቶ እሳት ያገኙ ነበር፤ በዚያ መስክ የቦሽ ባልደረባ ጎትሎብ ሆኖልድ በ1902 ከፍተኛ ቮልት የሚሰጥ ማግኔቶ ሠርቶ ነበር። የኬተሪንግ ባትሪና ቦቢና በ1910 ሞዴል ካዲላክ ላይ ገባ። ሰውዬው ሁለት ዓመት ቆይቶ ሞተሪኖንም እዚያው ካዲላክ ላይ አምጥቶ መኪናን በእጅ ማስነሻ ከማዞር ገላገለን። የፑንቲናው አሠራር ግን ሳይለወጥ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘለቀ።

አሁን እሳቱ ወደሚተኮስበት ሰዓት፣ ወደ ታይሚንጉ ጉዳይ። ድብልቁ እሳት ሲያገኝ በአንድ ጊዜ አይነድም፤ ለመንደድ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ግፊቱ ከፍተኛ እንዲሆን የሚፈለገው ፒስተኑ ጫፍ ነክቶ መውረድ ሲጀምር ስለሆነ ብልጭታው ከዚያ ቀድሞ መነሣት አለበት። ምን ያህል ቀድሞ? ይህ በፍጥነቱ ይወሰናል። ሞተሩ በሚኒሞ፣ በደቂቃ 850 ዙር ገደማ ሲዞር፣ በአንድ ሺኛ ሴኮንድ ውስጥ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ በ3000 ዙር ግን በዚያችው ቅጽበት 18 ዲግሪ ይዞራል። ስለዚህ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር እሳቱ አስቀድሞ መተኮስ አለበት። ይህን ዲስትሪቢዩተሩ በሁለት መንገድ ያደርገዋል። አንደኛው በዘንጉ ላይ ያሉ ክብደቶች በዙር ኃይል ወደ ውጭ ሲወጡ ካሙን ወደፊት ይገፉታል። ሁለተኛው ከካርቡራተሩ በቀጭን ቱቦ የሚመጣው ቫኪዩም በጎን ባለችው ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን ስቦ ፑንቲናው የተተከለበትን ሳህን ያዞረዋል።

ቮልስ ላይ ግን ሁሉም ዲስትሪቢዩተር ሁለቱንም አይዝም፤ ለብዙ ስህተት በር የሚከፍተውም ይኸው ነው። በ1960ዎቹ ብዙ ቮልሶች ላይ የነበረው በቫኪዩም ብቻ የሚሠራ ነው። ሌሎቹ ሁለቱንም አላቸው። በኋላ መለዋወጫ ሆኖ ዓለምን ያጥለቀለቀው ቦሽ 009 ደግሞ ክብደት እንጂ ቫኪዩም የለውም። ርካሽና ጠንካራ በመሆኑ ስንቱ ቮልስ ላይ ተገጥሟል! ግን ለቫኪዩም ከታሰበ ካርቡራተር ጋር ሲጋባ ነዳጁን ረገጥ ሲያደርጉት ለአፍታ ይደነግጣል፤ ከዚያ ነው የሚሄደው። ያችን ድንጋጤ ለማስወገድ ደግሞ፣ ገምታችኋል፣ ካርቡራተሩ ይታጠባል።

ከዚህ የተነሣ «የቮልስ ታይሚንግ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። በብዙዎቹ የ1960ዎቹ ሞተሮች ላይ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ ቀደም ብሎ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ሁለት የቫኪዩም ቱቦ ባላቸው የአሜሪካ ገበያ ሞዴሎች ላይ ግን ፒስተኑ ጫፍ ካለፈ በኋላ 5 ዲግሪ ላይ ነው። ልዩነቱ ከ12 ዲግሪ በላይ ሆነ ማለት ነው። ቁጥሩ የሚከተለው መኪናዋን ሳይሆን ዲስትሪቢዩተሩን ነው። ሃምሳ ዓመት የኖረች መኪና ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ዲስትሪቢዩተር አለ ብሎ መገመት አይቻልም። በአካሉ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ጠርጎ ማንበብ ነው፤ በቦሽ ዕቃዎች ላይ በ0 231 ይጀምራል። 009 የሚለው ስም ራሱ የዚያ ቁጥር የመጨረሻ ሦስት አሃዝ ነው።

እንግዲህ ያቺ የፋይበር ቁራጭ። በሰዓት መቶ ሺዎች ጊዜ በካሙ ላይ ስትሻሽ ትበላለች። በተበላች ቁጥር ፑንቲናው የሚከፈትበት ክፍተት ይጠባል። ክፍተቱ ሲጠብ ካሙ ፑንቲናውን የሚያገኘው ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ እሳቱ ይዘገያል። ሞተሩ ይሞቃል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ጉልበት ያጣል። ማንም ብሎን አልነካም፣ ማንም ታይሚንግ አላዛባም፤ መኪናዋ በገዛ እጇ ራሷን አዘገየች። የተሳሳተውን ክስ ካርቡራተሩ ላይ የሚያመጣው ይህ ነው። ለዚህም ነው ከማናቸውም የካርቡራተር ሥራ በፊት የፑንቲናው ክፍተት መታየት ያለበት። የላላ እሳት ላይ ካርቡራተር ያስተካከለ ሰው ነገ እሳቱ ሲስተካከል ካርቡራተሩን እንደገና ሊያስተካክል ነው።

ሲሠራ ቅደም ተከተሉ ቀልድ የለውም፤ መጀመሪያ ክፍተት፣ ቀጥሎ ታይሚንግ፣ በመጨረሻ ካርቡራተር። ክፍተቱን ነክቶ ታይሚንግ ሳይነካ የሚቀር ሰው ሥራውን ግማሽ ላይ ጥሎታል፤ ክፍተት ሲሰፋ እሳቱ ይቀድማል፣ ሲጠብ ይዘገያልና።

የቮልስ ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱን የክዳን መያዣዎች በካቻቢቴ ከፍቶ ክዳኑን ማንሣት፣ ሮተሩን ወደ ላይ መንቀል፣ ከዚያ የፋይበሯ ቁራጭ የካሙ እብጠት ጫፍ ላይ እስክትቆም ሞተሩን በእጅ ማዞር ነው። ፑንቲናውን የያዘችውን ብሎን ላላ አድርጎ 0.4 የተጻፈባትን የመለኪያ ስስ ብረት በመሐል አስገብቶ ሳይጎትት ሳይላላ እስኪንሸራተት ማስተካከልና ማጥበቅ። ካጠበቁ በኋላ እንደገና መለካት የግድ ነው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ሳህኑን ይዞት ይሄዳል። የመለኪያዋ ብረት ላይ ብዙ ጊዜ ስስ ዘይት አለ፤ ያ ዘይት ፑንቲናው ላይ ከቀረ ይቃጠልና ጥቁር ሽፋን ይሆናል። ንጹሕ ጠንካራ ወረቀት በተዘጋው ፑንቲና መሐል አሳልፎ መሳብ ያነሣዋል።

ያገለገለ ፑንቲና በመለኪያ ብረት አይለካም፤ ወይም ተለክቶ አይታመንም። አንዱ ጫፍ ላይ ጉድጓድ፣ ሌላው ላይ ጉብታ ይፈጠራል፤ ብረቷ በጉብታው ላይ ስለምታርፍ ትክክለኛውን ክፍተት አታሳይም። እዚህ ላይ ነው ዱዌል መለኪያ የሚጠቅመው። በአራት ሲሊንደር ሞተር ለእያንዳንዱ እሳት 90 ዲግሪ የዘንግ ዙር ይደርሰዋል፤ በቮልስ ከዚያ ውስጥ 50 ዲግሪ አካባቢ ፑንቲናው ተዘግቶ ቦቢናው ማግኔት የሚሰበስብበት ነው። መሣሪያው ያንን ሞተሩ እየሠራ ያነባል። ንባቡ 55 እና 60 ሲደርስ ክፍተቱ ጠቧል፤ 40 ሲሆን ሰፍቷል። መሣሪያው የሌለው ሰው ጉድጓድ ያወጣውን ጥሎ አዲስ ቢገዛ ይሻለዋል፤ የፑንቲና ዋጋ ከአንድ የካርቡራተር እጥበት አይበልጥም።

መንገድ ላይ ከሆነና ሌላ ከሌለ በቀጭን ሞረድ ጠፍጠፍ አድርጎ መሄድ ይቻላል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ግን አልወድም፤ የሚቀሩት ደቃቅ ቅንጣቶች ብረቱ ውስጥ ተተክለው ኤሌክትሪኩን ይከለክላሉ፣ ወዲያው ይቃጠላል። ጉድጓዱ በፍጥነት ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ጥፋቱ የፑንቲናው ሳይሆን የኮንደንሰሩ ሊሆን ይችላል። ስለ ኮንደንሰር ስንነጋገር አዲስ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይደለም። በመለዋወጫ ገበያው በሱማሌ ተራ ከሚገኙት መካከል ዘመን ተሻግረው የመጡ የጀርመን ዕቃዎች አሉ፤ ሳይከራርሙ የሚሞቱም አሉ። የሚሠራ አሮጌ ኮንደንሰር ካለዎት ከፑንቲና ጋር አብሮ ይለወጥ በሚለው ልማድ ብቻ አይጣሉት፤ አዲሱን ሞክረው አሮጌውን ለመንገድ ያስቀምጡት።

ቅባት ላይ ልክ ይጠበቃል። ካሙ ላይ የክብሪት ራስ የሚያህል ግሪስ ይበቃዋል፤ በዛ ከተባለ በዙር ተወርውሮ ፑንቲናው ላይ ያርፋል። ምንም ከሌለ ደግሞ ፋይበሯ በደረቁ እየተፈጨች ክፍተቱ በሳምንታት ይዘጋል። ብዙ አዲስ ፑንቲና በቶሎ «የሚበላሸው» በዚህ ነው። ከሮተሩ ሥር በዘንጉ አናት ላይ ለስላሳ ጨርቅ መሰል ነገር ያላቸውም አሉ፤ እዚያ ላይ ሁለት ጠብታ ዘይት ይጣልላቸዋል።

ታይሚንጉ ከአንዲት የ12 ቮልት አምፖል በላይ መሣሪያ አይፈልግም። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሮተሩ በዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ወዳለችው የ1ኛ ሲሊንደር ጭረት ሲያመለክት፣ በፑሌጃው ላይ ያለው ምልክት የሞተሩ አካል ሁለት ግማሽ ከሚጋጠምበት መስመር ጋር ይገጥማል። የአምፖሉን አንድ ሽቦ ቦቢናው ላይ 1 ቁጥር ከተጻፈበት፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ጋር ማገናኘትና ቁልፉን መክፈት። የዲስትሪቢዩተሩን መያዣ በ13 ቁልፍ ላላ አድርጎ አካሉን በሰዓት አቅጣጫ አምፖሉ እስኪጠፋ ማዞር፣ ከዚያ በተቃራኒው ቀስ ብሎ መመለስ። አምፖሉ ቦግ ባለበት ቅጽበት ፑንቲናው ተከፍቷል፤ እዚያው ላይ ማጥበቅ ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ ለረጅም ጊዜ መቆም የለበትም። ፑንቲናው ተዘግቶ ከቆመ ቦቢናው ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ እየጠጣ ይግላል፤ ሬዲዮ ሲያዳምጡ ቆይተው የተቃጠለ ቦቢና ያገኙ ብዙ ናቸው።

ለ009 ግን አምፖሉ መነሻ እንጂ መጨረሻ አይደለም። እሱ ላይ ዋናው ክብደቶቹ ሙሉ በሙሉ ከወጡ በኋላ፣ ከ3000 ዙር በላይ፣ በብልጭ ድርግም በሚል የታይሚንግ መብራት ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ውስጥ መያዙ ነው። በዚህ መብራት ሲያዩ አንድ እንግዳ ነገር ሊያጋጥም ይችላል፤ በአንዳንድ ዲስትሪቢዩተሮች 3ኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ጥቂት ዲግሪ ዘግይቶ ይተኩሳል። ይህ ጥፋት አይደለም። በድሮው ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው በአየር መንገዱ ላይ ቆሞ ለ3ኛው ሲሊንደር የሚደርሰውን ነፋስ ስለሚከለክል ቮልስዋገን ሆን ብሎ የዚያን ሲሊንደር እሳት አዘግይቶ ሙቀቱን ቀነሰለት።

ከፍታም የራሱ ነገር አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2350 ሜትር ትጠጋለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሲሊንደሩ የሚውጠው አየር ስለሚሳሳ ነዳጁ ዝግ ብሎ ይነድዳል፣ ሞተሩም ሁለት ሦስት ዲግሪ ቀደም ያለ እሳት ይታገሣል፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ብዙ የአዲስ አበባ መካኒኮች በጆሮ እያዳመጡ ታይሚንጉን ከመጽሐፉ ትንሽ የሚያስቀድሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ጣጣው የሚመጣው ያችው መኪና በናዝሬት አድርጋ ወደ መተሐራ ስትወርድ ነው። 1000 ሜትር አካባቢ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፣ ያ የተቀደመ እሳት ወደ ማንኳኳት ይለወጣል። በውኃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ማንኳኳቱ ይሰማል፤ በቮልስ ግን የማቀዝቀዣው ነፋስ ድምፅ ይውጠዋል፣ ነጂው የሚያውቀው ፒስተኑ ከተበሳ በኋላ ነው። ቆላ ለመውረድ ያሰበ ሰው ታይሚንጉን ወደ መጽሐፉ ቁጥር መልሶ ቢሄድ ለሞተሩ ያዘነለታል።

ክረምት ሲገባ ወሬው ከፑንቲና ወደ ክዳኑ ይዞራል። ሐምሌ ላይ ጠዋት ጠዋት አልነሣም የምትል፣ ፀሐይ ሲወጣ ያለ ምንም ጥገና የምትነሣ መኪና ክዳኗ ውስጥ እርጥበት ገብቷል ማለት ይቻላል። በክዳኑ ውስጥ ሮተሩ ጫፎቹን አይነካም፤ እሳቱ ጠባብ ክፍተት እየዘለለ ነው የሚያልፈው። ይህ ዝላይ አየሩን ወደ ኦዞንና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ እርጥበት ሲያገኘውም አሲድ ይሆናል። ከውስጥ የሚታየው ነጭና አረንጓዴ ዝገት ከዚያ የመጣ ነው። እርጥበቱን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ለዚያን ጠዋት ይበቃል። ክዳኑ ውስጥ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የተዘረጋ ፀጉር የሚያህል ጥቁር መስመር ከታየ ግን መጥረግም መፋቅም አያድነውም፤ ፕላስቲኩ ተቃጥሎ ካርቦን ሆኗል፣ እሳቱም መንገዱን አግኝቷል። መጣል ነው። እንዲህ ያለውን ፍሳሽ ለማግኘት ጥሩው ጊዜ ሌሊት ነው፤ ጨለማ ውስጥ ሞተሩን አስነሥቶ ክዳንና ገመዶቹን ማየት፣ የሚያፈሱ ከሆነ ሰማያዊ ብልጭታው ራሱ ያሳያል። እጅ አለማስገባት ነው ታዲያ።

የሮተሩ ጫፍና የክዳኑ ጫፎች ትንሽ ተበልተው ግራጫ ቢሆኑ ጤና ነው፤ በሞረድ ማሳመር ክፍተቱን ከማስፋት በቀር ጥቅም የለውም። መሐል ላይ ያለችው ካርቦን ግን በጣት ሲገፏት ገብታ መውጣት አለባት። ወድቃ የጠፋችባት መኪናም እኮ ለጊዜው ትሄዳለች፤ እሳቱ ተጨማሪ ክፍተት እየዘለለ ሮተሩን እስኪያቃጥለው።

አሁን ለመካኒክ ፈተና የሆነችውን አንዲት ጥፋት ልንገራችሁ። ፑንቲናው የተተከለበት ሳህን በቫኪዩም ስለሚንቀሳቀስ ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው አጭር፣ ተጣጣፊ ሽቦ አለ። ይህ ሽቦ ዓመታት ሲታጠፍ ኖሮ ከውስጥ ይበጠሳል፤ ሽፋኑ ግን ደህና ነው፣ ዓይን አይለየውም። መኪናዋ በሚኒሞ እንደ ሰዓት ትሠራለች፤ ነዳጅ ሲሰጧት ሳህኑ ይዞርና ሽቦው ይለያያል፣ ሞተሩ ያስነጥሳል። ነዳጅ ስትሰጣት ነውና የምታስነጥሰው፣ ክሱ ዞሮ ዞሮ ካርቡራተሩ ጋ ይደርሳል። ፈተናው ቀላል ነው፤ የቫኪዩም ቱቦውን ነቅሎ በብሎን ወይም በሌላ ነገር ደፍኖ መንዳት። ማስነጠሷ ከቀረ ሽቦው ነው። በዚያው ላይ እያሉ የዲስትሪቢዩተሩን ቱቦ በአፍ መሳብና በምላስ መድፈን ይቻላል፤ ሳህኑ ዞሮ እዚያው ካልቆመ ሽፋኑ ተቀድዷል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ዱዌሉ የሚዋልል ከሆነ ሮተሩ የሚቀመጥበትን ዘንግ በጣት ወደ ጎን መነቅነቅ ነው። ጎልቶ የሚሰማ ንቅናቄ ካለ ቡሹ አልቋል፤ ክፍተቱ በእያንዳንዱ ዙር ይለዋወጣል፣ ምንም ፑንቲና አያስተካክለውም። ቡሽ በቶርኖ አስለውጦ ማዳን ይቻላል፤ ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙዎች እዚህ ላይ ደርሰው ነው ወደ ኤሌክትሮኒክ የሚያልፉት።

ኤሌክትሮኒኩ በአሮጌው ዲስትሪቢዩተር ሆድ ውስጥ የሚገባ ዓይነት አለው፤ ካሙ ላይ ማግኔት ያለው ቀለበት ይጠልቃል፣ በፑንቲናው ቦታ ማግኔቱን የሚያነብ ትንሽ ሞጁል ይቀመጣል። የሚበላ ፋይበር የለም፣ የሚቃጠል ጫፍ የለም፣ ታይሚንጉም እንዳስቀመጡት ይቆያል። በ1980ዎቹ የመጡት ብዙ ቶዮታ ኮሮላዎች ከፋብሪካቸው ያለ ፑንቲና ነው የሚሠሩት፤ ክዳንና ሮተር ግን እንዳላቸው ነው፣ የክረምቱ ችግርም አልቀረላቸውም። ለዕለት ተዕለት መኪና እኔ ኤሌክትሮኒኩን እመርጣለሁ። ነገር ግን ፑንቲና ሲደክም ሳምንታት ይሰጣል፤ ሞጁል ሲሞት ሰከንድም አይሰጥ። የባትሪ ሽቦ በስህተት ቢገለበጥበት ወዲያው ይሞታል፣ ቁልፍ ተከፍቶ መቆምንም አይወድም፣ ባትሪው በጣም ሲደክምም በግፊት ለማስነሣት ያስቸግራል። ስለዚህ ከከተማ ርቀው የሚሄዱ የቮልስ ባለቤቶች የነቀሉትን ፑንቲናና ኮንደንሰር አይጥሉም፤ ከ13 ቁልፍና ከአንዲት ካቻቢቴ ጋር በጨርቅ ጠቅልለው የፊቱ ሻንጣ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ሞጁሉ ሲሞት ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ መልሰው ይገጥሙታል።